የሚኒሶታ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ሂሳብ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት 1፣ ቅዳሜ

ሥራው የመጣው ከእድራችን ነው። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል የምንኖር አባላት ከምናዋጣው ገንዘብ የተወሰነው በየዓመቱ ለአዲስ መጪዎች፣ ለአረጋውያን ወይም ለልጆች አገልግሎት ለሚሰጥ በጎ አድራጎት ድርጅት እንዲሰጥ ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ተወስኖ ነበር፤ ለማን ይሰጥ የሚለው ግን እስከ ዛሬ በወሬና በትውውቅ ሲያከራክር ቆይቷል። ሊቀመንበራችን ባለፈው እሑድ «ልጄ፣ አንተ ኮምፒዩተሩን ታውቅበታለህ፤ የትኛው ድርጅት ስንት ብር እንዳለውና በምን ላይ እንደሚያውለው ከትልቁ እስከ ትንሹ በደረጃ አስቀምጠህ አምጣልን» ብለው ሲያዙኝ፣ እኔም ሳላመነታ «እሺ ጋሼ፣ በሁለት ሳምንት አደርሳለሁ» አልኳቸው። ይህን ማስታወሻ የምይዘው በሌላ ከተማ ያለ ማኅበር ተመሳሳይ ሥራ ቢያስብ እኔ በወደቅሁበት ጉድጓድ እንዳይወድቅ ነው።

መረጃ ማግኘቱ ራሱ አይከብድም። በአሜሪካ ከፌዴራል ገቢ ግብር ነፃ የሆነ ድርጅት በየዓመቱ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ለአይአርኤስ የሚያቀርበው ፎርም 990 የሕዝብ ሰነድ ነው፤ የግብር ሕጉ አንቀጽ 6104 ደግሞ ድርጅቱ ራሱ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት ሪፖርቶች ለጠየቀው ሁሉ እንዲያሳይ ያስገድደዋል። ስለዚህ ደጅ መጥናትም ሆነ ማስፈቀድ አያስፈልግም።

ዛሬ ያወረድኩት አይአርኤስ በየግዛቱ ከፋፍሎ የሚያወጣውንና በየወሩ የሚያድሰውን የነፃ ድርጅቶች ዋና መዝገብ ነው። የሚኒሶታው ፋይል በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ረድፎችና 28 አምዶች አሉት፤ እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ድርጅት ሲሆን መለያ ቁጥሩን፣ ስሙን፣ አድራሻውን፣ የተፈቀደለትን የሕግ ንዑስ ክፍል፣ ዕውቅና ያገኘበትን ወር፣ የሥራ ዘርፉን፣ ሀብቱንና ገቢውን ይይዛል። በተለምዶ «501 ሲ 3» የምንላቸውን፣ ማለትም ለሕዝብ ጥቅም የሚሠሩትን በጎ አድራጎት ድርጅቶች ብቻ ለማቆየት ንዑስ ክፍላቸው 03 ያልሆኑትን ወዲያውኑ አወጣሁ።

ገቢን በተመለከተ ገና በመጀመሪያው ሰዓት ግራ ተጋባሁ፤ ምክንያቱም ፋይሉ ሁለት የገቢ አምዶች አሉት። እንግሊዝኛው ለየብቻ ስም ሲሰጣቸው እኛ ሁለቱንም «ገቢ» ብለን እናልፋቸዋለን። አንደኛው ምንም ሳይቀነስ እጅ የገባውን ገንዘብ ሁሉ የሚመዘግብ ነው፤ ሁለተኛው የሸቀጥ መግዣ፣ የኪራይ ወጪና የተሸጠ የአክሲዮን መግዣ ዋጋ ከተቀነሰ በኋላ በፎርሙ ላይ «የዓመቱ ጠቅላላ ገቢ» ተብሎ የሚጻፈው ነው። ለምሳሌ አንድ ድርጅት በ9 ሚሊዮን ዶላር የገዛውን አክሲዮን በ10 ሚሊዮን ቢሸጥ በመጀመሪያው አምድ 10 ሚሊዮን፣ በሁለተኛው 1 ሚሊዮን ይሆናል። በእኛ ሠንጠረዥ የመጀመሪያውን «እጅ የገባ»፣ ሁለተኛውን «የዓመቱ ገቢ» ብዬ ሰየምኳቸው፤ ለደረጃው የምጠቀመውም ሁለተኛውን ነው።

ጥቅምት 2፣ እሑድ

አጭር ቀን ነበር፤ የጠፋውም በዜሮ ነው። የድርጅት መለያ ቁጥር ዘጠኝ አኃዝ አለው። ፋይሉን በኤክሴል ስከፍተው ፕሮግራሙ ቁጥሩን እንደ ብዛት ስለሚቆጥረው ከፊት ያለውን ዜሮ ይበላዋል። የሚኒሶታ ድርጅቶች ቁጥር በአብዛኛው በ41 ስለሚጀምር ጉዳዩ ወዲያው አልታየኝም፤ ነገር ግን ሌላ ግዛት ተመሥርተው ወደዚህ የመጡና በ04 ወይም በ06 የሚጀምር ቁጥር ይዘው የቀሩ አሉ። እነዚህ ስምንት አኃዝ ይዘው ቀሩና ከሌላው ፋይል ጋር ሳገናኛቸው ያለ ድምፅ ጠፉ። ከእንግዲህ መለያ ቁጥሩን እንደ ጽሑፍ እንጂ እንደ ቁጥር አላነበውም።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ ማታ

የመጀመሪያውን የደረጃ ሰንጠረዥ ለሊቀመንበሩ በስልክ አሳየኋቸው። ከላይ ሆስፒታሎች፣ ኮሌጆችና ትልልቅ ፋውንዴሽኖች ነበሩ፤ እሳቸው ግን ወደ ታች እያንሸራተቱ ሄደው መጨረሻ ላይ ቆሙና መሳቅ ጀመሩ። ባለፈው ዓመት አዲስ ሕንፃ ገዝቶ ሁላችንም ያዋጣንለት የራሳችን ቤተ ክርስቲያን ሀብቱ 0፣ ገቢው 0 ተብሎ ከሁሉ በታች ተቀምጧል። «እኔ የሰጠሁት የት ገባ?» አሉኝ።

ጥፋቱ የፋይሉ ሳይሆን የእኔ ነበር። ድምሩ እንዳይሰናከል ብዬ በፓይተን ፕሮግራሜ ውስጥ ባዶ የሆነውን ሁሉ ወደ ዜሮ የሚቀይር አንዲት መስመር ጽፌ ነበር። በፋይሉ ውስጥ ግን አንዳንዱ ቦታ በእርግጥ 0 ተጽፎበታል፣ አንዳንዱ ደግሞ ምንም የለበትም፤ ከዚህም በላይ 0 የተጻፈበት ራሱ ሁልጊዜ «ገንዘብ የለውም» ማለት እንዳልሆነ የተረዳሁት ዛሬ የመዝገቡን መመሪያ በእርጋታ ሳነብ ነው።

ቤተ ክርስቲያናት በግብር ሕጉ አንቀጽ 6033 መሠረት ፎርም 990 የማቅረብ ግዴታ የለባቸውም፤ ሕጉ «ቤተ ክርስቲያን» ሲል መስጊድንና ምኩራብንም ይጨምራል። ብዙዎቹ ዕውቅና ለማግኘት ማመልከትም ስለማያስፈልጋቸው በመዝገቡ ውስጥ ጭራሽ አይገኙም፤ የተገኙትም የገንዘብ አምዳቸው ይህ ነው የሚባል ነገር አይነግረንም። ሁለተኛዎቹ ትንንሽ ድርጅቶች ናቸው፤ እጃቸው የሚገባው በመደበኛ ዓመት ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ከሆነ የሚያቀርቡት 990 ኤን የሚባለውን፣ «የኤሌክትሮኒክ ፖስታ ካርድ» በሚል ቅጽል ስም የሚታወቀውን አጭር መግለጫ ነው። በእሱ ላይ ስም፣ አድራሻ፣ የአንድ ኃላፊ ስምና «ከገደቡ በታች ነን» የሚል ማረጋገጫ እንጂ የብር መጠን አይጻፍም። ስለዚህ 49,000 ዶላር የሰበሰበውም 300 ዶላር የሰበሰበውም በመዝገቡ ላይ አንድ ናቸው።

ይህ ፖስታ ካርድ የመጣው በ2006 (የአሜሪካውን ነገር የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) በወጣው የጡረታ ጥበቃ ሕግ ነው፤ በዚያው ሕግ ሦስት ዓመት በተከታታይ ምንም ያላቀረበ ድርጅት የግብር ነፃነቱን ማንም ሳይወስንበት በራሱ ጊዜ እንዲያጣ ተደነገገ። የመጀመሪያው የተሰረዙት ዝርዝር በጁን 2011 ሲወጣ ወደ 275,000 የሚጠጉ ድርጅቶች ነበሩበት። የተሰረዘ ድርጅት ከዋናው መዝገብ ስለሚወጣ የተሰረዙትን ዝርዝር ለብቻው አውርጄ በጎን አስቀምጫለሁ።

ባዶውን ወደ ዜሮ የምትቀይረውን መስመር ደመሰስኩ። በምትኩ ሦስት ምልክቶች አኖርኩ፦ ቁጥር ካለ ቁጥሩ፣ ማቅረብ የማይጠበቅበት ከሆነ «አይጠየቅም»፣ ፖስታ ካርድ ብቻ ከሆነ «ከ50 ሺህ በታች»። የማቅረብ ግዴታን የሚያሳየው ኮድ በፋይሉ ውስጥ ስላለ መለየቱ አላስቸገረም። ድምሩ ተሰናከለ፤ ይሰናከል።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ኮሚቴው በተለይ የእኛን ሰዎች የሚያገለግሉትን ማወቅ ስለፈለገ ዛሬ በስም መፈለግ ጀመርኩ፤ በሚኒሶታ በተለይ የኦሮሞ ማኅበረሰብ በአሜሪካ ካሉት ትልቁ ስለሆነ ብዙ ማኅበር እንደሚኖር እጠብቅ ነበር። ማኅበሩ አለ፤ ችግሩ ፊደሉ ነው። አንዱ «ተዋሕዶ» የሚለውን በላቲን ፊደል ሦስት ዓይነት፣ «እድር»ን አራት ዓይነት አድርጎ ይጽፈዋል። ስለዚህ ሁሉንም አጻጻፎች ዘርዝሬ ፈለግሁ፤ ውጤቱን ሳየው ግን እድሮቻችን በአንድ ሌሊት የሚኒሶታን ግዛት ያጥለቀለቁ ይመስል ነበር። እድርን በኢ፣ በዲ፣ በኢና በአር ብንጽፈው ያ ቃል «ፌዴሬሽን» በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ሆድ ውስጥ አለ። የሠራተኛ ማኅበራት ፌዴሬሽን፣ የአይሁድ ፌዴሬሽን፣ የአሳ አጥማጆች ፌዴሬሽን ሁሉ እድር ሆነውልኝ ነበር። «አዲስ»ም «አዲሰን» የሚባሉትን ሁሉ ይዞ መጣ፣ «ሳባ»ም የመጽሐፍ ቅዱሷን ቤርሳቤህን በስማቸው የያዙትን። «አቢሲኒያ» የሚለውን ስም ደግሞ ጥቁር አሜሪካውያን ከጥንት ጀምሮ ለቤተ ክርስቲያኖቻቸው ሲያወጡት ኖረዋል፤ የአቢሲኒያ ድመት ወዳጆችም አሉ። ፍለጋውን ሙሉ ቃል ብቻ እንዲይዝ ካስተካከልኩ በኋላ የቀረውን አንድ በአንድ በዓይኔ አጣራሁ፤ ለዚህ ዓይነት ሥራ ከዓይን የተሻለ መሣሪያ አላገኘሁም።

ከዚያ በኋላ በሥራ ዘርፍ ኮድ ሞከርኩ። ከኤ እስከ ዜድ 26 ዋና ዋና ምድቦች ያሉት የዘርፍ ሥርዓት አለ፤ ፒ84 የስደተኞችና የብሔረሰብ ማዕከላትን፣ ኤ23 የባህል ማኅበራትን ይይዛል። ጥሩ መነሻ ነው፤ ነገር ግን ኮዱ ድርጅቱ ገና ሲመሠረት ባስገባው ማመልከቻ ላይ ተመሥርቶ የሚሰጥ በመሆኑ ባህል ብሎ ጀምሮ ዛሬ ሙሉ ሥራው የአረጋውያን እንክብካቤ የሆነ ቢኖር ኮዱ ይህን አያውቅም። በስሙ ውስጥ እኛን የማይጠራውም ብዙ ነው። ከ1919 ጀምሮ በሴንት ፖል የሚሠራው የሚኒሶታ ኢንተርናሽናል ኢንስቲትዩት ስንቱን ስደተኛ ከአውሮፕላን ጣቢያ ተቀብሎ ቤት እንዳስገባ የምናውቀው እኛ ነን፤ የእኔ የስም ፍለጋ ግን ሊያገኘው አይችልም።

በነገራችን ላይ የእድር ነገር ለአሜሪካ የግብር ሕግ እንግዳ ነው። አባላቱን ብቻ የሚረዳ መረዳጃ ማኅበር «ለሕዝብ ጥቅም» ስለማይባል በ501 ሲ 3 ሥር አይገባም፤ ለወንድማማች ማኅበራት፣ ለአካባቢ መረዳጃዎችና ለቀብር ማኅበራት ሌሎች ንዑስ ክፍሎች አሉ። የእኛም እድር ከእነዚህ በአንዱ የተመዘገበ ነው።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ዋናው መዝገብ ስንት እንዳለ እንጂ በምን ላይ እንደዋለ አይናገርም፤ ለዚያ ሙሉው ፎርም ያስፈልጋል። 200,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ገንዘብ እጁ የገባ ወይም 500,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ሀብት ያለው ድርጅት ሙሉውን 990፣ ከዚያ በታች ያለው 990 ኢዜድ የሚባለውን አጭር፣ የግል ፋውንዴሽን ደግሞ መጠኑ ምንም ይሁን 990 ፒኤፍን ያቀርባል።

እነዚህ ፎርሞች ለብዙ ዓመታት ይገኙ የነበረው እንደ ፎቶ በተነሣ ወረቀት መልክ ነበር። ፐብሊክ ሪሶርስ የተባለው የካርል ማላሙድ ድርጅት በኤሌክትሮኒክ የቀረበው በዚያው መልኩ ይሰጠኝ ብሎ አይአርኤስን ከሶ በጃንዋሪ 2015 ረታ፤ በጁን 2016 ኮምፒዩተር የሚያነባቸው የኤክስኤምኤል ፋይሎች ለሕዝብ ተለቀቁ። በ2019 የወጣው ሕግ ደግሞ ድርጅቶች ሁሉ በኤሌክትሮኒክ እንዲያቀርቡ ስላስገደደ ከዚያ ወዲህ ያለው መረጃ ከቀድሞው በእጅጉ የተሟላ ነው። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ለታሪክ ያህል አይደለም፤ የአሥር ዓመት ዕድገት ልሥራ ብሎ የ2013ን ብዛት ከ2023 ጋር የሚያነጻጽር ሰው የድርጅቶቹን ሳይሆን የኤሌክትሮኒኩን ዕድገት ሊቆጥር ይችላል።

ፋይሎቹ በትልልቅ ጥቅሎች የታሰሩ ሲሆን የመላ አገሪቱ አንድ ላይ ነው። በየዓመቱ አብሮ የሚወጣ ማውጫ አለ፤ ማውጫው መለያ ቁጥር እንጂ ግዛት ስለሌለው ከዋናው መዝገብ ጋር በመለያ ቁጥር ማገናኘት ግድ ይላል። የጠፋው ዜሮ ዋጋ የታየኝም እዚህ ላይ ነው። ከጥቅሎቹ አንዳንዶቹ ፓይተን በራሱ በማይፈታው ዘዴ የተጨመቁ ሆነው ስላገኘኋቸው በሰቨን ዚፕ ፈታኋቸው።

ሌሊቱን የወሰደብኝ ግን የመለያዎቹ ስም ነው። በኤክስኤምኤል ውስጥ እያንዳንዱ መስመር የራሱ መለያ ስም አለው፤ እነዚህ ስሞች በ2013 ዓይነተኛ ለውጥ ስለተደረገባቸው ከዚያ በፊትና በኋላ ያለው «የዓመቱ ጠቅላላ ገቢ» የተለያየ ስም ይዟል፤ በሙሉው 990፣ በ990 ኢዜድና በ990 ፒኤፍ መካከልም ስሙ ይለያያል። ፕሮግራሜ ያላገኘውን መለያ ባዶ አድርጎ ሲያልፍ ድርጅቱ ገቢ የሌለው ይመስላል። ባለፈው ሳምንት ሊቀመንበሩ የሳቁበት ስሕተት ሌላ ልብስ ለብሶ መጣ ማለት ነው። አሁን መለያው ካልተገኘ ፕሮግራሙ ይቆማል፤ በዝምታ አያልፍም።

ሌላም ነገር አለ፤ አንድ ድርጅት ፎርሙን አርሞ እንደገና ሊያቀርብ ስለሚችል ለአንድ ዘመን ሁለት ፋይል ይገኛል። ሁለቱን መደመር ገቢውን እጥፍ ያደርገዋል። ዘግይቶ የቀረበውን ብቻ ይዣለሁ።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

ሊቀመንበሩ «በግዛቱ ያለው የበጎ አድራጎት ገንዘብ በድምሩ ስንት ነው?» ብለው ስለጠየቁኝ ለመደመር ሞከርኩና ተውኩት። ምክንያቱን ልጻፍ።

ማዮ ክሊኒክ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ነው፤ ዋና መቀመጫው በሮችስተር ሚኒሶታ ስለሆነ ረድፉ በእኛ ፋይል ውስጥ አለ። ተቋሙ ለ2023 ያወጣው የተጠቃለለ የሂሳብ ሪፖርት ወደ 18 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገቢ ያሳያል፤ ነገር ግን ሆስፒታሎቹ በአሪዞናና በፍሎሪዳም አሉ። መዝገቡ የሚያውቀው የፖስታ አድራሻን እንጂ ገንዘቡ የተሠራበትን ቦታ አይደለም። ደግሞም የተጠቃለለው ሪፖርት ብዙ ድርጅቶችን እንደ አንድ ቤት ሲያይ ፎርም 990 የሚቀርበው በየመለያ ቁጥሩ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ ቁጥሮች ይገጥማሉ ብሎ መጠበቅ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ምክንያት ድርብ ቆጠራ ነው። እንደ ማክናይት ያለ ፋውንዴሽን ለአንድ ማዕከል የሰጠው ገንዘብ በፋውንዴሽኑ ገቢ ውስጥ አንድ ጊዜ፣ በተቀባዩ ገቢ ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ ይታያል፤ ተቀባዩ ለሌላ ትንሽ ማኅበር ካካፈለው ሦስተኛ ጊዜ። ያው ዶላር ሦስት ቤት ያድራል። በሌላ በኩል ደግሞ በአንድ እናት ድርጅት ጥላ ሥር ያሉ ቅርንጫፎች ሪፖርታቸው በእናትየው በኩል በጋራ ሊቀርብ ስለሚችል የቅርንጫፎቹ ረድፍ ባዶ ሆኖ ገንዘባቸው ሌላ ቦታ ይገኛል። በአንድ በኩል ሦስቴ የተቆጠረ፣ በሌላ በኩል ጭራሽ ያልተቆጠረ ገንዘብ ያለበትን ድምር ለኮሚቴ ማቅረብ አልፈልግም።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ዛሬ የወጪውን ክፍል ሠራሁ። ሙሉው 990 ዘጠነኛ ክፍሉ ላይ እያንዳንዱን ወጪ ደመወዝ፣ ኪራይ፣ ጉዞ እያለ ከዘረዘረ በኋላ በሦስት አምድ ይከፍለዋል፦ ለዋናው አገልግሎት፣ ለአስተዳደርና ገንዘብ ለማሰባሰብ። አጭሩ 990 ኢዜድ በዚህ መልክ አይከፋፍልም።

ገንዘብ ያዣችን አዲስ አበባ ሳሉ በአንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሂሳብ ክፍል ሠርተው ስለነበር ሠንጠረዡን ሲያዩ ወዲያው «70/30ው የታለ?» አሉኝ። በኢትዮጵያ በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 621 ከወጪው ከ30 በመቶ በላይ ለአስተዳደር እንዳይውል ይከለክል ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. እሱን የተካው አዋጅ 1113 ደግሞ የአስተዳደር ወጪን ጣሪያ 20 በመቶ አድርጎታል። «እትዬ፣ እዚህ እንደዚያ ያለ ሕግ የለም» ብዬ ብነግራቸው አላመኑኝም። እንዲያውም በኢሊኖይ የምትገኘው የሻውምበርግ መንደር ከሚሰበሰበው ቢያንስ 75 በመቶው ለበጎ ሥራው ይዋል የሚል ደንብ አውጥታ በ1980 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደንቡ የመናገር ነፃነትን ይጋፋል ብሎ ሽሮታል።

ሬሾውን፣ ማለትም የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ወጪው ያለውን ድርሻ፣ አስልቼ አምድ ልጨምርላቸው ቃል ገባሁ፤ ከሠራሁት በኋላ ግን እንዲቀር አሳመንኳቸው። አንድን የሥራ አስኪያጅ ደመወዝ ምን ያህሉ ለአገልግሎት ምን ያህሉ ለአስተዳደር እንደሆነ የሚከፋፍለው ድርጅቱ ራሱ ነው፤ ጠንቃቃው ሐቁን ጽፎ «አባካኝ» ሲመስል ብልጡ ሁሉን ወደ አገልግሎት ገፍቶ ይመሰገናል። ይህን ያየሁት እኔ ብቻ አይደለሁም፤ በ2013 ጋይድስታር፣ ቻሪቲ ናቪጌተርና የቢቢቢ የልግስና ክፍል በጋራ ደብዳቤ ጽፈው ለጋሾች በዚህ አንድ መለኪያ ብቻ እንዳይፈርዱ ጠይቀው ነበር፤ ራሳቸው ድርጅቶችን በመመዘን የሚታወቁ ናቸው።

ከሬሾው ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ፎርሙ የማያየው ነገር ነው። በነፃ የተሰጠ ምግብ ወይም ልብስ በገንዘብ ተገምቶ ገቢ ይሆናል፤ ስለዚህ የምግብ ባንኮች ገቢ ግዙፍ ሆኖ ሲታይ ከዚያ ውስጥ ብዙው ጥሬ ገንዘብ ሳይሆን የታሸገ ባቄላና ወተት ሊሆን ይችላል። በነፃ የተሰጠ ጉልበትና በነፃ የተሰጠ አዳራሽ ግን በፎርሙ ገቢ ውስጥ አይገቡም። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆችን አማርኛ የሚያስተምሩ እናቶች፣ ሐዘን ቤት ሌሊቱን ሙሉ ወጥ የሚሠሩ፣ ሽማግሌ ሐኪም ቤት የሚያደርሱ ሁሉ የሠሩት ሥራ ዋጋው በዚያ ገጽ ላይ የለም። ፎርሙ የበጎ ፈቃደኞችን ግምታዊ ቁጥር የሚጠይቅ አንድ መስመር በመጀመሪያው ገጽ አለው፤ እሱን አምድ ጨመርኩ።

ጥቅምት 26፣ ረቡዕ

ስለ ጊዜ። የሂሳብ ዓመቱ ካለቀ በኋላ ድርጅቱ እስከ አምስተኛው ወር 15ኛ ቀን ድረስ ጊዜ አለው፤ በዚያ ላይ ስድስት ወር ማራዘሚያ በቀላሉ ይሰጠዋል። ዓመቱ በዲሴምበር የሚያልቅ ከሆነ ሪፖርቱ እስከ ኖቬምበር 15 ሊቆይ ይችላል፤ ከዚያ ለሕዝብ እስኪለቀቅ ሌሎች ወራት አሉ። የ2022 ፎርም የሚባለውም በጁላይ 2022 ጀምሮ በጁን 2023 የሚያልቅ ዓመት ሊሆን ይችላል። በሠንጠረዡ ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ዘመኑ ያለቀበትን ወር አስቀመጥኩ።

ለኮሚቴው ለምን ይህ እንደሚያስፈልግ ለማስረዳት ሁሉም የሚያውቀውን አነሳሁ። ፊዲንግ አወር ፊውቸር የተባለው የሚኒሶታ ድርጅት ለልጆች ምግብ ከተመደበ የፌዴራል ገንዘብ በ2019 ያንቀሳቀሰው ወደ 3.4 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን በ2021 ወደ 200 ሚሊዮን ደርሶ ነበር፤ ኤፍቢአይ ቢሮውን የፈተሸው በጃንዋሪ 2022 ነው፤ በሴፕቴምበር 2022 ደግሞ በመጀመሪያው ዙር 47 ሰዎች በ250 ሚሊዮን ዶላር ማጭበርበር ተከሰሱ፤ የድርጅቱ መሥራች በማርች 2025 ጥፋተኛ ተብላለች። የ2021 ሂሳብ በፎርም 990 መልክ ሊቀርብ የሚገባው ገና በ2022 አጋማሽ ነበር። ማለትም በዚያ ሰንጠረዥ ብቻ የሚተማመን ለጋሽ ዝላዩን የሚያየው ፖሊስ በሩን ካንኳኳ በኋላ ነው። ደግሞም ዕድገቱ ራሱ ወንጀል አይደለም፤ በወረርሽኙ ዓመት በሐቅ ያደጉም ብዙዎች ናቸው። ሠንጠረዡ ጥያቄ ያስነሣል፤ መልሱን ስልክ ደውሎ መጠየቅ ነው።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

የግዛቱ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ የበጎ አድራጎት ክፍል የራሱ መዝገብ አለው። በሚኒሶታ ሕግ ምዕራፍ 309 መሠረት በዓመት ከ25,000 ዶላር በላይ መዋጮ የሚሰበስብ ወይም ደመወዝተኛ ያለው ድርጅት እዚያ ይመዘገባል፤ ገቢው ከ750,000 ዶላር ሲያልፍ በኦዲተር የተመረመረ ሂሳብ ማቅረብ አለበት። ለእኛ ጠቃሚ የሆኑት በ25 እና በ50 ሺህ መካከል ያሉት ናቸው፤ ለአይአርኤስ ፖስታ ካርድ ብቻ ልከው ያለፉ ሆነው እዚህ ግን የገቢና የወጪ ቁጥር ያስመዘገቡ ይገኛሉ። ጥቂት ባዶዎች በዚህ ተሞሉ። ሃይማኖታዊ ድርጅቶች እዚህም ነፃ ናቸው።

ሌላው የዛሬ ውሳኔ፦ ዋናው መዝገብ «በእገሌ በኩል» የሚል አምድ አለው፤ ትንንሽ ማኅበራት ቢሮ ስለሌላቸው በዚያ የሚጻፈው የገንዘብ ያዡ ስም፣ አድራሻውም የቤቱ አድራሻ ነው። መረጃው የሕዝብ ቢሆንም በቴሌግራም በሚዞር ሠንጠረዥ የሰው ቤት ቁጥር አላስቀምጥም። ሁለቱንም አምዶች አውጥቼ ከተማውን ብቻ ተውኩ።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ሠንጠረዡን ለኮሚቴው አቀረብኩ፤ ከሁለት ሳምንት ይልቅ አምስት ፈጀብኝ። ደረጃ የለውም፤ በከተማና በአገልግሎት ዓይነት ነው የተደረደረው። ሊቀመንበሩ መጀመሪያ ቅር አላቸው፤ «አንደኛው ማን ነው ታዲያ?» አሉ። አንደኛ የሚባል ከዚህ እንደማይወጣ፣ የሚወጣው ማንን ምን ብለን እንደምንጠይቅ መሆኑን ሳስረዳቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው «እንግዲያው የምንጠይቃቸውን ምረጡ» አሉ። አምስት ተመረጡ፤ ከአምስቱ ሁለቱ የገንዘብ አምዳቸው «ከ50 ሺህ በታች» የሚል ብቻ ነው። የሦስት ዓመት ሪፖርታቸውን እንዲያሳዩን ለሦስቱ ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ ሁለቱን ሄደን እናያለን።

ልንነሳ ስንል ገንዘብ ያዣችን «የእኛስ እድር የት አለ?» ብለው ጠየቁ። በመጀመሪያው ቀን ንዑስ ክፍሉ 03 ያልሆነውን ሁሉ ስላወጣሁ በሠንጠረዡ ውስጥ አልነበረም። ላፕቶፑን ከፍቼ በመለያ ቁጥራችን በሙሉው መዝገብ ፈለግሁት፤ ረድፉ አለ። ከዚያ በፖስታ ካርዶቹ ፋይል ፈለግሁት፤ የ2022 አለ፣ የ2023 የለም፣ የ2024ም የለም። የቀድሞው ጸሐፊ ወደ ሌላ ግዛት ሲሄዱ ኃላፊነቱን የተረከበ ሰው አልነበረም።

እትዬ ኮታቸውን ለብሰው ስለነበር አውልቀው እንደገና ተቀመጡ። የ2024ን ካርድ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሞልተን ላክን፤ የማረጋገጫውን ገጽ አትመው በእድሩ መዝገብ ውስጥ ለጠፉት።